ከአልጋው በፊት ማዕዱ፦ የሜዲትራኒያን ዕረፍት በመርሲን ዳርቻ

ዓመት ሙሉ በጂዳ፣ በሪያድ፣ በዱባይ ወይም በኩዌት ሲሠራ የከረመ ቤተሰብ ለአንድ ሳምንት የባሕር ዳርቻ ዕረፍት ገንዘብ ቆጥቦ ስልኩን ሲከፍት ምርጫው ቀላል ይመስለዋል። ቀድመው የሚመጡለት የአንታሊያ ግዙፍ ሆቴሎች ናቸው። ክፍያው አንድ ጊዜ ነው፤ ቁርሱ፣ ምሳው፣ እራቱ፣ የመዋኛ ገንዳውና የልጆች መጫወቻው ሁሉ በውስጡ አለ። ቱርኮች ይህን አሠራር "ሄር ሼይ ዳሂል" ይሉታል፤ ሁሉም ነገር የተካተተበት ማለት ነው። እንግዳው እንደደረሰ ባለ ቀለም የፕላስቲክ አምባር በእጁ ይታሰርለታል፤ እስኪሰናበትም ድረስ ወደ ኪሱ ሳይገባ ይበላል፣ ይጠጣል።

ሕፃናት ላሉትና ዕረፍት ማለት ምንም ነገር አለማሰብ ነው ለሚል ሰው አሠራሩ የሚነቀፍ አይደለም። ነገር ግን ለአሥር አገር ሰው አንድ ላይ የሚበስል ምግብ የማንም አገር ምግብ ሳይሆን ይቀራል። እራቱን አስቀድሞ የከፈለ ሰው ደግሞ ወጥቶ አይበላም፤ ስለዚህ በሆቴሎቹ ዙሪያ ያለው ጥሩ ምግብ ቤት ደንበኛ አጥቶ ይዘጋል፣ በቦታው በአራት ቋንቋ የተጻፈና ፎቶግራፍ የበዛበት የምግብ ዝርዝር ይዞ በር ላይ የሚጣራው ይተካል። ለሙስሊም ቤተሰብ ሌላም ጉዳይ አለ። "ሁሉም ነገር" ከሚባለው ውስጥ በአብዛኞቹ ሆቴሎች ዋነኛው መጠጥ ነው። የማይጠጣው ቤተሰብ የሌሎችን መጠጥ በክፍያው ይጋራል፤ መጠጡም ብዙውን ጊዜ የሚቀዳው ልጆቹ ከሚዋኙበት ገንዳ አጠገብ ነው።

የባሕሩን ዳርቻ ከነኑሮው ማየት የሚፈልግ ሰው ቅደም ተከተሉን ቢገለብጥ ይሻለዋል፦ መጀመሪያ የአገሩ ሰው ዓመቱን ሙሉ የሚበላበትን ሠፈር ይፈልግ፣ አልጋውን ከዚያ በኋላ በአቅራቢያው ይያዝ። ከአንታሊያ በስተምሥራቅ፣ የአንድ ቀን የመኪና መንገድ ርቆ የሚገኘው የመርሲን ክፍለ ሀገር ለዚህ ዓይነቱ ምርጫ ጥሩ ምሳሌ ይሆናል።

ያላማረው ዳርቻ

መርሲን በፎቶግራፍ አትማርክም። ከቱርክ ትላልቅ ወደቦች አንዱ ያለባት የንግድ ከተማ ናት። ከከተማዋ ወደ ምዕራብ እስከ ኤርደምሊ ድረስ ባሕሩን ተከትለው የተሰለፉት ባለ ብዙ ፎቅ አፓርታማዎች የውኃውን ዳር እንደ ግድግዳ ይጋርዱታል። እነዚህ "ያዝልክ" የሚባሉ የዕረፍት ቤቶች ናቸው፤ የብዙዎቹ ባለቤቶችም ከአዳና፣ ከጋዚያንቴፕ፣ ከኮንያና ከካይሴሪ የሚመጡ የቱርክ ቤተሰቦች ናቸው። ቁም ነገሩ እዚህ ላይ ነው። ይህ ዳርቻ ያደገው ከሩቅ አገር በሚመጣ ቱሪስት ሳይሆን በአገሬው ገንዘብ ነው። ምግብ ቤቱ ዛሬ ያስቀየመው ደንበኛ በሚቀጥለው ዓመት እንደማይመለስ ያውቃል፤ ለማያውቀውና ዳግም ለማያየው መንገደኛ የሚያበስል ቤት ይህ ፍርሃት የለበትም።

በዳርቻው ያሉትን የሌሎች ቤተሰቦች አለባበስ ማየትም ልብ ያሳርፋል። በእነዚህ የአገሬው ሰው በሚበዛባቸው ዳርቻዎች ሙሉ ሰውነት የሚሸፍን የዋና ልብስ የለበሰች እናት ለዓይን እንግዳ አይደለችም። ዳርቻው ራሱም የማንም ሆቴል ንብረት አይደለም። የቱርክ ሕገ መንግሥት በ43ኛው አንቀጹ የባሕር ዳርቻዎች በመንግሥት ሥልጣን ሥር መሆናቸውንና በአጠቃቀማቸው የሕዝብ ጥቅም እንደሚቀድም ይደነግጋል፤ እ.ኤ.አ በ1990 የወጣው የባሕር ዳርቻ ሕግም ዳርቻው ለሁሉም በእኩልነትና በነጻ ክፍት እንደሆነ ይናገራል። ጥላና ወንበር የሚያከራይ ሰው ለጥላውና ለወንበሩ ሊያስከፍል ይችላል፤ ፎጣውን አሸዋው ላይ ያነጠፈን ሰው ግን የሚያስነሳበት ሕግ የለም።

ጊዜን መምረጥ ከቦታ ምርጫ አያንስም። በጁላይና በኦገስት የመርሲን ሙቀት ከወበቁ ጋር ተዳምሮ የባሕረ ሰላጤውን ኗሪ እንኳ ያሰለቻል። የአካባቢው ሰው ራሱ በእነዚህ ወራት ከቻለ ወደ ቶሮስ ተራሮች ይወጣል። "ያይላ" የሚሉት ይህ ወደ ደጋ የመውጣት ልማድ ከብት ያረቡ ከነበሩት አያቶቻቸው የተወረሰ ነው። የዒድ ሳምንትም እንዲሁ ቢታለፍ ይመረጣል፤ አገሩ ሁሉ በአንድ ጊዜ ወደ ባሕር ስለሚወርድ አልጋም፣ የመኪና ማቆሚያም፣ የምግብ ቤት ወንበርም ይጠፋል። ሴፕቴምበር አጋማሽ ላይ ትምህርት ቤት ሲከፈት ዳርቻው ጸጥ ይላል፤ ውኃው ግን እስከ ኦክቶበር ድረስ ሞቅ እንዳለ ይቆያል። ልጆቻቸው ትምህርት ላይ የሆኑ ቤተሰቦች ትምህርት ቤት እንደተዘጋ፣ ሙቀቱ ሳይበረታ ቢሞክሩ ይሻላል።

ዝርዝር የሌለው ምግብ ቤት

በቱርክ ከተሞች ሁሉ፣ ብዙውን ጊዜም በገበያውና በመስጊዱ መካከል፣ "እስናፍ ሎካንታሲ" የሚባል የምሳ ቤት አለ። ትርጉሙ የነጋዴውና የእጅ ባለሙያው ምግብ ቤት ማለት ነው። ጫማ ሠሪው፣ ልብስ ሰፊው፣ የባንክ ጸሐፊውና የጭነት መኪና ሾፌሩ ጎን ለጎን ይበሉበታል። ምግቡ ጠዋት በስሎ በትላልቅ ትሪዎችና ድስቶች ከመስታወት በስተጀርባ ይደረደራል። ቱርኮች "ሱሉ የመክ" ይሉታል፤ በአማርኛ ወጥ ብንለው ከእውነቱ አንርቅም። ነጭ ባቄላ በቲማቲም፣ በሥጋ የተሞላ ደበርጃን፣ በወይራ ዘይት በስሎ ቀዝቅዞ የሚቀርብ ፎሶሊያ፣ የምስር ሾርባ፣ የበግ ሥጋ ከድንች ጋር፣ ሩዝና ቡልጉር በየቀኑ አይጠፉም።

ቋንቋ የማያውቅ እንግዳ እዚህ ከማንኛውም የባሕር ዳር ምግብ ቤት የተሻለ ይስተናገዳል፤ የሚፈልገውን በዓይኑ አይቶ በጣቱ ያሳያል። ብዙ ዓይነት መቅመስ ለሚፈልግ "አዝ" የሚለው አጭር ቃል ይጠቅማል፤ ጥቂት ማለት ነው፤ ሳህኑ ግማሽ ይሆናል፣ ዋጋውም ይቀንሳል። አልኮል በእነዚህ ቤቶች አይጠበቅም፤ አብዛኞቹ ጨርሶ አያስገቡም። ነገር ግን ሰዓቱን ማወቅ ግድ ነው። ምግቡ የምሳ ነው፤ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት በኋላ የደረሰ ሰው የድስት ጠርዝ ያገኛል። እሑድ ደግሞ ገበያው ሲዘጋ ብዙዎቹ አብረው ይዘጋሉ።

የመርሲን የራሷ ምግብ ታንቱኒ ነው። እንደ ባቄላ ፍሬ ደቅቆ የተከተፈ የበሬ ሥጋ አስቀድሞ ይቀቀልና በሰፊ ብረት ምጣድ ላይ በጥጥ ፍሬ ዘይትና በቀይ በርበሬ ይጠበሳል። ጠባሹ በየመካከሉ ውኃ ይረጫል፤ እንፋሎቱ ሲነሳ ስሱን ቂጣ ሥጋው ላይ ደፍቶ ዘይቱን ያስመጥጠዋል፤ ከዚያ በሽንኩርት፣ በባቅዱኒስና በሱማቅ ጠቅልሎ ከሎሚና ከተቀመጠ ቃሪያ ጋር ያቀርበዋል። የጥጥ ፍሬ ዘይቱ እንዲያው አልተመረጠም፤ ከመርሲን በስተምሥራቅ የተዘረጋው የቹኩሮቫ ሜዳ የጥጥ አገር ነው። ታንቱኒ ቀድሞ የሥጋ መግዣ ያጠረው ሰው የሆድ ዕቃ እየከተፈ የሚሠራው የድሃ ምግብ ነበር። ዛሬ በኢስታንቡል የከበረ ስም አለው፤ እዚያ የሚሸጠው ግን የመርሲኑን ያህል አይጥምም፤ ውኃውን በልኩ የሚረጭ እጅ በየቦታው አይገኝም።

ከጣፋጮቹ ጀዘርዬን ሁሉም ሰው ለስጦታ ይገዛታል፤ ካሮት በስኳር ተቀቅሎ፣ ለውዝና ኮኮናት ተጨምሮበት የሚሠራ ነው። ከረቢች ግን ልትቀመስ የሚገባት እዚያው ናት። ፒስታቺዮ የተሞላች የሰሞሊና ብስኩት ላይ ከአንድ ዓይነት ሥር የሚመታ ነጭ አረፋ ይደፋባታል። የረመዳን ጣፋጭ ነበረች፤ አሁን ዓመቱን ሙሉ ትገኛለች።

የዓሣው ጉዳይ

ወደ ባሕር የሄደ ሰው ዓሣ ይፈልጋል፤ የሚታለለውም በአብዛኛው በዓሣው ነው። በቱርክ በትላልቅ መረብ የሚያጠምዱ ጀልባዎች ዓሣው እንዲራባ ከኤፕሪል አጋማሽ እስከ ኦገስት መጨረሻ በአብዛኛው ከሥራ ይታገዳሉ። በጁላይ ወር በዳርቻው ምግብ ቤቶች በረዶ ላይ ተደርድረው ከሚታዩት "ቺፑራ" እና "ሌቭሬክ" መካከል አብዛኞቹ እንግዲህ በእርሻ የተረቡ ናቸው። ቱርክ እነዚህን ሁለት ዓሦች በማርባት በዓለም ከቀዳሚዎቹ አገሮች አንዷ ናት። የእርሻ ዓሣ ክፉ ምግብ አይደለም፤ ክፉው በእርሻ ዓሣ ላይ የባሕር ዓሣ ዋጋ መክፈል ነው። "ዴኒዝ ሚ፣ ቺፍትሊክ ሚ?" ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም፤ የባሕር ነው ወይስ የእርሻ ማለት ነው። ጥሩ ምግብ ቤት ሳያፍር ይመልሳል። ከዚያ የኪሎውን ዋጋ ጠይቆ፣ ዓሣው ወደ ምድጃው ከመሄዱ በፊት በፊቱ እንዲመዘን ማድረግ ነው። ዓይኑ የጎደጎደ፣ ስንጥቡ የደበዘዘ ዓሣ በሎሚ ብዛት አይታደስም።

በሴፕቴምበርና በኦክቶበር ነገሩ ይለወጣል፤ ጀልባዎቹ ይመለሳሉ፣ ዓይነቱም ይበዛል። በዚያን ጊዜ በጂዳ የኖረ ሰው በመርሲን ዓሣ ገበያ የሚያውቀውን ፊት ሊያገኝ ይችላል። የስዊዝ ቦይ እ.ኤ.አ በ1869 ከተከፈተ ወዲህ በመቶዎች የሚቆጠሩ የቀይ ባሕር ዝርያዎች ወደ ሜዲትራኒያን ተሻግረዋል፤ ምሥራቃዊው ዳርቻም ዋነኛ ማረፊያቸው ሆኗል። የጂዳ ሰዎች "ሲጃን" የሚሉት ዓሣ አሁን የመርሲን ባሕረ ሰላጤ ኗሪ ነው። ርካሽ ነው፣ ሥጋውም ጣፋጭ ነው፤ እሾሁ መርዝ ስላለው ግን ማጽዳቱን ለባለሙያ መተው ይበጃል። በዚያው ቦይ ከገቡት ውስጥ ሰውነቱን እንደ ፊኛ የሚነፋው ዓሣ ገዳይ መርዝ ስላለው መሸጡ የተከለከለ ነው፤ በመዝናኛ መንጠቆ ላይ ከመጣ አይበላም፣ ልጆችም አይንኩት።

ለዓሣ የሚመከረው ስም ናርልኩዩ ነው። ከመርሲን ወደ ምዕራብ 65 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ ጠባብ የባሕር ወሽመጥ ናት፤ ምግብ ቤቶቹ ከውኃው ጠርዝ ላይ ተደርድረዋል። ከባሕሩ ወለል የሚፈልቅ ቀዝቃዛ የምንጭ ውኃ ስላለ በኦገስት እንኳ እጁን የነከረ ሰው ይገረማል። ዋጋው ከሌሎቹ ከፍ ይላል፤ ትናንሽ የማስቀደሚያ ሳህኖችን በትሪ ይዞ የሚመጣው አስተናጋጅም እያንዳንዱ ሳህን ለብቻው እንደሚታሰብ ሁልጊዜ አይናገርም። አልኮል የሚያቀርቡትም ጥቂት አይደሉም። ይህን የማይፈልግ ቤተሰብ "ኢችኪሲዝ" ወይም "አልኮልሱዝ" የሚል ጽሑፍ በሩ ላይ ይፈልግ፤ ጽሑፉ ከሌለ ከመቀመጡ በፊት ይጠይቅ። ምሳ ሰዓት ከምሽቱ ይሻላል፤ ጠረጴዛው የቤተሰብ ነው፣ ወሽመጡም በብርሃን ነው የሚያምረው። የቱርክ ደንብ ምግብ ቤቶች የዋጋ ዝርዝራቸውን መግቢያቸው ላይ እንዲለጥፉ ያስገድዳል፤ ዝርዝሩ ያልታየበትን በር አልፎ መሄድ አንድ ሳምንት ሙሉ ገንዘብ ያተርፋል።

የት ማደር?

ትናንሽ ልጆች ላሉት ኪዝካሌሲ ትመረጣለች። አሸዋዋ ሰፊ ነው፣ ውኃዋም ለረጅም ርቀት ጥልቀት የለውም፤ ከዳርቻው ጥቂት መቶ ሜትሮች ገባ ብሎም ባሕር መሐል ላይ የቆመ ጥንታዊ ግንብ አለ። በእባብ ተነድፋ ትሞታለች ተብሎ ስለተነገረላት የንጉሥ ልጅ የሚተረከው አፈ ታሪክ የኢስታንቡሉ የልጃገረድ ግንብም ታሪክ ስለሆነ ማንኛው ቀድሞ እንደተተረከ መከራከር ትርፍ የለውም። ወደ ግንቡ ጀልባ አለ። ከተማዋ ግን በሙቀቱ ወራት ትጨናነቃለች፣ ጫጫታም ይበዛባታል፤ ከዳርቻው ሁለት መንገድ ገባ ያለ "ፓንሲዮን"፣ ማለትም የቤተሰብ የእንግዳ ማረፊያ፣ ለእንቅልፍ ይሻላል። ወጥ ቤት ያለው ክፍል ከተገኘ ደግሞ ቁርሱ ከመንደር ሴቶች እጅ ይገዛል፤ በመንገዱ ዳር በምጣድ ላይ ጋግረው በአይብ ጠቅልለው የሚሸጡት "ስክማ" ከሆቴል ቁርስ ይበልጣል። ናርልኩዩ ከዚህ በ"ዶልሙሽ" ጥቂት ደቂቃ ነው፤ ከወሽመጧ በላይ ያለው "ጀነት" የሚባለው ግዙፍ የመሬት ስርጉድ ደግሞ ከ400 በላይ ደረጃዎች ስላሉት በእግር መውረዱና መውጣቱ ጉልበት ይጠይቃል።

ታሹጁ ጸጥ ያለች፣ ወደ ሰሜን ቆጵሮስ መርከብ የሚነሳባት ትንሽ ወደብ ናት። ከእርሷ ወደ ምዕራብ በሚወስደው መንገድ የቱርክ የመጀመሪያው የኑክሌር ኃይል ማመንጫ፣ አኩዩ፣ ይገነባል፤ የሠራተኞቹ ብዛት የአካባቢውን የቤት ኪራይ ከፍ አድርጎታል። ይህን አልፎ የሚሄድ ሰው ከመርሲን 225 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘውን አናሙርን ያገኛል። ሙዝ የሚበቅልባት፣ ረጅም ዳርቻዋ ላይ የባሕር ኤሊዎች እንቁላል የሚጥሉባት፣ መስጊድ በውስጡ ያለው የማሙሬ ምሽግ እግሩን ውኃ ውስጥ የነከረባት ከተማ ናት። ሩቅ በመሆኗ ቆጥባ የያዘችው ሰላም አለ፤ ለሦስት ቀን ብቻ ለመጣ ቤተሰብ ግን መንገዱ አያዋጣም።

መኪና መከራየት ግዴታ አይደለም። ከመርሲን እስከ ሲሊፍኬ ዳርቻውን ተከትሎ የሚሄደው ዶልሙሽ በእጅ ምልክት ይቆማል። ከባሕረ ሰላጤው ለሚመጣ ሰው ሁለት ወረቀቶች ከአልጋ ክፍያ ይቀድማሉ። አንደኛው የቱርክ ቪዛ ነው፤ የሚታየው በቅድሚያ ፓስፖርቱ ስለሆነ የመኖሪያ ፈቃድ ብቻውን አያስተማምንም። ሁለተኛው፣ ከሳዑዲ ለሚነሳ፣ የመውጫና መመለሻ ፈቃድ ነው። ሁለቱ እጅ ሳይገቡ የማይመለስ ክፍያ መክፈል አይገባም።

የመጨረሻው ቀን በታርሱስ

እ.ኤ.አ ኦገስት 10 ቀን 2024 የተከፈተው የቹኩሮቫ ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ የሚገኘው በአዳናና በመርሲን መካከል፣ ከታርሱስ አቅራቢያ ነው። ስለዚህ የመመለሻው ቀን ግማሹ ለታርሱስ ሊተርፍ ይችላል፤ የዚህ ገጽ አንባቢ ከሌላው መንገደኛ ይበልጥ እዚያ የሚቆምበት ምክንያት አለው።

በከተማዋ መሐል በቢላል ኢብን ረባህ (ረ.ዐ)፣ ቱርኮች "ቢላል-ኢ ሐበሽ" በሚሏቸው፣ ስም የሚጠራ ትንሽ መስጊድ አለ። የአካባቢው ሰዎች ከአቢሲኒያ የዘር ሐረግ የነበራቸው የነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) ሙአዚን በዚህ ቦታ አዛን እንዳሰሙና እንደሰገዱ ሲናገሩ ኖረዋል። ስፍራው "መቃም" ነው እንጂ መቃብር አይደለም፤ መቃብራቸው በደማስቆ እንደሆነ ይነገራል። ከዚያ ብዙም ሳይርቅ በ16ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራው ታላቁ መስጊድ፣ ኡሉ ጃሚ፣ ይገኛል። በ833 (እ.ኤ.አ) በዘመቻ ላይ ሳሉ ያረፉት የባግዳዱ ኸሊፋ አል-መእሙን የተቀበሩትም በታርሱስ ነው። ከከተማዋ ወጣ ብሎ ደግሞ የአስሓበል ከህፍ እንደሆነ የሚታመን ዋሻ አለ፤ ዮርዳኖስን ጨምሮ ሌሎች አገሮችና ከተሞችም ይህንኑ ዋሻ የእኛ ነው ይላሉ።

ምሳው ሑሙስ ነው። ባሕረ ሰላጤው ቀዝቅዞ የሚበላውን ሑሙስ ታርሱስ አሙቃ ትበላዋለች፤ ሽምብራው ከሰሊጥ ጋር ተደቁሶ በትንሽ ሳህን እሳት ላይ ይወጣል፣ ትኩስ ቅቤ ይፈስበታል፣ ከፈለጉም በቅመም የደረቀ ሥጋ ከላይ ይጣልበታል። ጎኑ ላይ ሽንኩርት፣ የተቀመጠ አትክልትና ትኩስ ዳቦ ይመጣል። የሚሠሩት ቤቶች ትናንሽና ያረጁ ናቸው፤ ብዙዎቹ የሚገኙትም በድሮው ገበያ ውስጥ ስለሆነ ሻንጣውን ታክሲው ላይ ትቶ በእግር መግባት ይቀላል። የዙሁር ሶላት እንዳበቃ ወንበር አይገኝም፤ ከሶላቱ በፊት የደረሰ ግን ሳህኑ ከምድጃው ሲወርድ ያያል።